ጉትቻ ያደረገችው ጅብ

እናቴ ጉትቻውን ከነማስቀመጫው ወደ እኔ ትመልሰዋለች።

«አላደርገውም።»

«እማ፣ ለዛሬ ብቻ እኮ ነው። ማለቴ፣ ምርቃቱ እስኪያልቅ።»

ወሎ ሰፈር ያለው ካፌ ወንበር ደርድሮ እየጠበቀን ነው። መጽሐፌ ትናንት ከማተሚያ ቤት ወጣ፤ ጉትቻውንም ያሠራሁት ሽፋኑን አስመስዬ ነው። የብር ነው፣ ሦስት ጠብታ የተንጠለጠለበት። ሽፋኑ ላይ ያደረገችው ጅብ ናት። ቀን ሸክላ ስትሠራ ትውላለች፣ ሲመሽ ጅብ ትሆናለች፣ ጉትቻዋ ግን ከጆሮዋ አይወልቅም። ልጅ ሆኜ እናቴ ስታስተኛኝ የምትነግረኝን ተረት ወስጄ ነው ይህን የሚያህል ልብ ወለድ ያደረግኩት። ጭራቁም ዘንዶውም አሉበት፤ ሰው የወደደው ግን እሷን ነው። ቴሌግራም ላይ የለቀቅኩትን ምዕራፍ ያነበቡ ልጆች «ቡዳዬ» እያሉ ይጠሯታል። እኔም እንደ ቂል ደስ ብሎኝ ነበር።

«ላንብብልሽ ስልሽ እምቢ ያልሽው አንቺ ነሽ» እላታለሁ።

«ጅብ ያለበት ነው አልሽኝ። አያ ጅቦ መስሎኝ።»

መጽሐፉን ጭኗ ላይ አስቀምጣ የጅቧን ጆሮ በአውራ ጣቷ ትሸፍነዋለች።

«ደሊና፣ ይቺ እናቴ ናት።»

አልገባኝም። አያቴን አላውቃትም፤ እናቴም ስለ እሷ አታወራም።

«ሸክላ ሠሪ ነበረች። ቡዳ ናት ይሏታል። ገበያ ስትወጣ ልጆቻቸውን በነጠላ ይሸፍኑባታል። አንድ ጊዜ ወንዝ ወርዳ አንደኛው ጉትቻዋ ጠፋ። በዚያው ሰሞን ጅብ ገደሉና ጆሮው ላይ የእሷን ጉትቻ አገኘን አሉ። ማን አየ ብትይ ማንም። ጎህ ሳይቀድ ይዛኝ ወጣች።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነገርኩሽ እኮ። ተረት አድርጌ ነገርኩሽ። እንደዚያ ስለው ቀለል ይለኝ ነበር።»

ጆሮዋን አየዋለሁ። ቀዳዳው ተደፍኖ ምልክቱ ብቻ ቀርቷል። ጌጥ የማይሆንላት ሴት እያልኩ ስንት ጊዜ ቀልጄባታለሁ። ምነው የጻፍኩበት እጄ በተቆረጠ።

«ግን እማ፣ ጥሩ አድርጌ ነው የጻፍኳት። በቃ፣ ጀግና ናት። ሰው ሁሉ ይወዳታል።»

«አይቻለሁ። ታምራለች።» ዓይኗን ከሽፋኑ አታነሳም። «ግን ሲመሽ ጅብ ትሆናለች አይደል?»

«ትሆናለች።»

«እሷ እኮ ሆና አታውቅም።»

ያንን ጅብነት ለማሳመር ሌሊት ሙሉ የተቀመጥኩባቸው ገጾች ትዝ ይሉኛል። ፀጉሩ ከትከሻዋ እንዴት እንደሚበቅል፣ ድምፅዋ እንዴት እንደሚቀየር። ሁሉም ታትሟል፤ በካርቶን ታሽጎ ወሎ ሰፈር ደርሷል።

«ከእናቴ ሰማሁት እንዳትዪ» ትለኛለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እዚህ ግቢ የሚያውቅ የለም። ማሚትም አታውቅም።»

ይህን ብላ ሳትጨርስ እትዬ ማሚት በሩን ገፋ አድርገው ይገባሉ። ከእናቴ ጋር በአንድ ግድግዳ ተጎራብተው ነው ያረጁት፤ አንዷ ሳትቀምስ ሌላዋ አትበላም። ትናንት የሰጠኋቸውን ተመሳሳይ ጉትቻ አድርገዋል።

«ለተሚካኤል፣ አልተነሳሽም እንዴ? ይኸው ልጅሽ በስተርጅና ቡዳ አድርጋኛለች። ዛሬ ከፊቴ የሚጎርስ ወዮለት።» ራሳቸውን ሲነቀንቁ ሦስቱ ጠብታዎች ይንሿሿሉ። «የአንቺስ የታለ? አድርጊውና ሁለት ጅብ ሆነን እንግባ።»

እናቴ ትስቃለች። እትዬ ማሚት ስቀው ከጨረሱ በኋላም ትስቃለች። አውራ ጣቷ ግን የጅቧን ጆሮ እንደሸፈነ ነው።