አባት የሌለው ገንዘብ

ሽማግሎቹ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። ሦስት ነበሩ። አፈ ጉባኤያቸው ጡረተኛው መምህር ዘሩባቤል ናቸው።

«ልጅዎን ለልጃችን ብለን ነው የመጣነው።»

«ልጃችሁ ማን ይባላል?» አሉ አቶ ገብረክርስቶስ፣ ስሙን አሳምረው እያወቁ።

«ሚናስ።»

«ሥራውስ?»

መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ክሪፕቶ የሚሉት ዲጂታል ገንዘብ አለ። እሱን ይገዛል፣ ይሸጣል።»

«ገንዘቡን የሚያትመው ማነው?»

«የሚያትመው የለም። ትልቁን፣ ቢትኮይንን፣ ሳቶሺ የሚባል ፈጠረው ይላሉ። ግን ያየው የለም። አንዱ ጃፓናዊ ነው ይላል፣ አንዱ ሞቷል ይላል፣ አንዱ ደግሞ ብዙ ሰዎች ናቸው ይላል።»

«አባቱ የማይታወቅ ገንዘብ!» አሉ አቶ ገብረክርስቶስ። ፒያሳ ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት ወርቅ ሸጠዋል፤ ማህተም የሌለው ቀለበት በነጻ ቢሰጧቸውም አይነኩም። «እስቲ እንመካከርበት።»

በሴት ልጅ ቤት እንመካከር ማለት እናጣራ ማለት ነው። የሚጣራውም የወንዱ ነገር ነው፤ ዘሩ፣ ጠባዩ፣ መጠጡ። ማክዳ ለአቶ ገብረክርስቶስ አንድያ ልጅ ናት። እናቷ በሕፃንነቷ ስለሞቱ አክስቷ ወይዘሮ ለተሚካኤል ናቸው ዶሮ ማነቂያ በሚባለው የፒያሳ ሰፈር ያሳደጓት። ለእንዲህ ያለች ልጅ እንኳን አንድ ሳምንት፣ አንድ ዓመት ቢያጣሩም አይበዛባትም።

ሚናስ የደብረ ብርሃን ልጅ ነው። ለዩኒቨርሲቲ መጥቶ በዚያው ቀረ። ውቤ በረሃ አንድ ክፍል ተከራይቷል። አይጠጣም፣ ጫት አይቅምም፣ አከራዩን ጠዋት ጠዋት ሰላም ይላል። አንድም ክፉ ወሬ አልተገኘበትም፤ ይህ ደግሞ አቶ ገብረክርስቶስን ይበልጥ አሳሰባቸው።

«ሰው እንዴት አንድ እንከን ያጣል?» አሉ ለእህታቸው።

«አንተ ደግሞ፣ ቢኖረው ታማርራለህ፣ ባይኖረው ታማርራለህ» አሉ ወይዘሮ ለተሚካኤል።

በዚያ ሰሞን የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚያወራው ሌላ ነገር ነበር። ዶሮ ማነቂያ ፈርሶ ነዋሪው በየአቅጣጫው ከተበተነ በኋላ፣ ስሙን የደበቀ ሰው በቴሌግራም ላይ ዶሮ ማነቂያ የሚባል ኮይን፣ ያው ዲጂታል ገንዘብ፣ አወጣ። ራሱን ቀንዲል ብሎ ይጠራል። ሻጭ አይመስልም፤ ትዝታ ነው የሚጽፈው። የቦኖ ውሃውን ሰልፍ፣ የዳቦ ቤቱን የተሰበረ ደረጃ፣ በክረምት ጎርፉ በማን በር እንደሚገባ አንድ በአንድ ያውቃል። የተበተነው ሰው እያነበበ አለቀሰ፤ እያለቀሰ ገዛ። ዋጋው ሽቅብ ወጣ። «የወደፊቱ ገንዘብ ይኸው ነው፤ ይህን ሰፈራችንን ማንም አያፈርሰውም» ብሎ ጻፈ ቀንዲል። ወይዘሮ ለተሚካኤልም ለፈረሰው ቤታቸው ያገኙትን ካሳ፣ ማንንም ሳያማክሩ፣ እንዳለ አስገቡት።

አንድ ሐሙስ ዋጋው ቁልቁል ተወረወረ። ዓርብ ላይ ምንም አልቀረም። የቀንዲልም ድምፅ ጠፋ።

ወይዘሮ ለተሚካኤል አልጋ ያዙ። ማክዳ ከእግራቸው ሥር ተቀምጣ ዋለች። እህል አልቀመሰችም።

«ትዳሩ ዘገየባት፣ አክስቷ ታመሙባት፤ ምን ትሁን?» አሉ አባቷ።

ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ያሉት ነጋዴዎች ቀንዲል ዱባይ ገብቷል አሉ። ሌላው የባንክ ሰው ነው አለ። አቶ ገብረክርስቶስ ግን ነገሩን ሚዛናቸው ላይ አስቀምጠው ደጋግመው መዘኑት። ይህን ሥራ የሚያውቅ ማነው? ሚናስ። የሰፈሩን ምስጢርስ ማን ነገረው? ማክዳ ናታ! ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያጫውታት ነው የኖረው። ያፈቀራት መስሎ ትዝታዋን ዘረፋት።

ወደ ሱቃቸው አስጠሩት።

«ቀንዲል አንተ ነህ?»

ሚናስ ባንኮኒውን ተደግፎ ቆመ። «ማክዳ ምን አለችዎት?»

«እሷን ተዋት! እሷ ምን ታውቃለች? አንተን ነው የጠየቅኩህ።»

«አይደለሁም ብል ያምኑኛል፣ ጋሼ?»

«አላምንህም።»

«እንግዲያው ይሁን።»

ሌላ ቃል አልወጣውም። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ አቶ ገብረክርስቶስ ደግሞ ወርቅ ያውቃሉ፤ ይህኛው ወርቅ አልመሰላቸውም። ሱቃቸውን ቆልፈው ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ፤ ገንዘባቸውን ያጡ ስድስት ጎረቤቶችም ተከተሏቸው። ከሰዓት በኋላ ሚናስ ከምኒልክ አደባባይ አጠገብ ተያዘ። አልሮጠም፣ አልተከራከረም።

ሰኞ መምህር ዘሩባቤል አንገታቸውን ደፍተው መጡ።

«አምኗል» አሉ። «ቀንዲል እኔ ነኝ ብሎ ቃሉን ፈርሟል። እባክዎን ይቅር ይበሉን። እንዲህ ያለ ሰው መሆኑን ብናውቅ ደጅዎን ባልረገጥን።»

«እግዜር ነው ያወጣኝ» አሉ አቶ ገብረክርስቶስ። «ልጄን ለሌባ ልድራት ነበርኮ!»

ማክዳ በሩ ላይ ቆማ ሰምታለች። ወደ ክፍሏ ተመለሰች። አባቷ ልከተላት አልከተላት ብለው ተዉት። ቀስ በቀስ ይወጣላታል፣ ወጣት ናት፣ ብለው ራሳቸውን አጽናኑ፤ ቢሆንም ውስጣቸው አላረፈም።

በማግስቱ ጠዋት የሱቁን በር ሲከፍቱ ማክዳ ከላይ ቤት ወረደች። በአንድ እጇ ምሳ ዕቃና ፔርሙስ፣ በሌላው ጋቢ፣ ፎጣና ሳሙና ይዛለች። ፊቷ አብጧል፤ ፀጉሯን ግን በሥርዓት አሲዛዋለች።

አቶ ገብረክርስቶስ መንገዷ ላይ ቆሙ። እስረኛ ያለው ሰው ምን ይዞ እንደሚሄድ ያውቃሉ።

«አክስትሽን አልጋ ላይ ለጣለ ሰው ስንቅ ልታመላልሺ ነው? በቁሜ?»

«ለሱ አይደለም፣ አባዬ፤ እሱ ዛሬ ይወጣል። ስንቁ የራሴ ነው።»