ሦስተኛ ደረጃ፣ በቀጥታ

ዩኒቨርሲቲው ኮርሶቹን በሦስት ደረጃ ከፈላቸው። በአንደኛው ተማሪው ክፍል ገብቶ ይማራል፤ ኦንላይን የሚያገኘው ማስታወሻውን ብቻ ነው። ሁለተኛው ግማሽ በግማሽ ነው። ሦስተኛው ሙሉ በሙሉ ኦንላይን ሆኖ፣ መምህሩ በሰዓቱ በቀጥታ ማስተማር አለበት። የተቀዳ ቪዲዮ ሲያጫውት የተያዘ ኮርሱን ይነጠቃል።

ለስታቲስቲክሱ መምህር ሦስተኛው ደረሰው። አምና ከልቡ አስተማረ። ግን አርባ ተማሪ ካሜራውን ዘግቶበት፣ ሰው እስከ መቼ ከግድግዳ ጋር ያወራል? ዘንድሮ የአምናውን ቪዲዮ እየለቀቀ ሶፋው ላይ ጋደም ማለት ጀመረ። ቪዲዮው ውስጥ «ጥያቄ አለ?» ይላል፤ ትንሽ ይጠብቃል፤ «ጎበዞች!» ብሎ ይቀጥላል። ማንም አልነቃበትም።

እንዲህ ተመችቶት ሳለ አዲሱ ዲን ለቁጥጥር ብሎ ኦንላይን ክፍሉ ውስጥ ገባ፤ ያውም ካሜራውን ከፍቶ። መምህሩ በአካል አይቶት አያውቅም። በስክሪን ሲያዩት ጺሙ ሙልጭ ብሎ የተላጨ፣ ሪዙ ቀጠን ያለ፣ ዓይኑን የማይነቅል ሰው ነው። አልፎ አልፎ ራሱን ይነቀንቃል፣ ከሰማያዊ ኩባያ ፉት ይላል፣ የሆነ ነገር ይጽፋል። ሁለት ወር ሙሉ አንድ ቀን አልቀረም። ድመቱ እንኳ ከኋላው የምታልፍበትን ሰዓት አታዛንፍም። ሥርዓት ማለት ይሄ ነው!

«ይሄ ሰውዬ ጠርጥሮሃል» አለች ሚስቱ። «ዝም ብሎ ነው እንዴ የሚጽፈው?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? አሁን በቀጥታ ብገባ ፀጉሬ ያሳብቅብኛል።»

በቪዲዮው ፀጉሩ አጭር ነው፤ አሁን ግን የሚያየው የለም ብሎ ጎፈሬ አክሏል።

«አቤት አንተ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያስተማርከውን ኮርስ በስንፍና ልታስበላው ነው!»

ያ ኮርስ ከሄደ እሱም አብሮ እንዳለቀለት ያውቃል።

ማክሰኞ ጠዋት ክፍል ሊጀመር ሲል መልእክት መጣ፦ «ነገ ሁለት ሰዓት ቢሮዬ ይምጡ። ዲኑ።»

መልእክቱን ለሚስቱ አሳያት። «አለቀልኝ!»

«ሂድና ተቆረጥ!» አለች ሚስቱ በሩን እያሳየች።

ቪዲዮውን ለቆ በነጠላ ጫማው ወደ ሰፈሩ ፀጉር ቤት ሮጠ። ለፀጉር አስተካካዩ ከስልኩ የአምናውን ፊቱን አሳየው።

«ልክ እንደዚህ። ቅንጣት እንዳይለይ።»

«ጋሼ፣ ሊሞሸሩ ነው እንዴ?»

«ዝም ብለህ ቁረጥ፣ በሞቴ!»

አስተካካዩ ቆርጦ ጨረሰና ፊቱን በሳሙና አረፋ ሸፈነው። መምህሩ ከጨርቁ ሥር ስልኩን አጮልቆ አየ። ዲኑ እዚያው ነው፤ ራሱን ነቀነቀ፣ ጻፈ። ድመቷ አለፈች። ሰውዬው ሽንት ቤት እንኳ አይሄድም?

በሩ ተከፈተና ጺሙ ጎፍሮ ፊቱን የሸፈነው ሰው እያለከለከ ገባ፤ ከመምህሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ዘፍ አለ። ከዚያ የራሱን ስልክ ለአስተካካዩ ዘረጋ። መምህሩ በመስታወቱ ውስጥ አየው። ስልኩ ላይ አንድ ጺሙን የተላጨ ሰው በሰማያዊ ኩባያ ፉት ይላል።

«ጺሜን ሙልጭ፣ ሪዜን ልክ በዚህ ቪዲዮ እንዳለው አድርግልኝ» አለ ሰውዬው። «ነገ ሁለት ሰዓት አንድ መምህር ቢሮዬ ይመጣል፤ እንዳይነቃብኝ።»