የክቡ ግድግዳ ማዕዘኖች

በጉዳዩ ውስጥ የነበሩት ሰዎች እነዚህ ናቸው፦ ቴኔንቴ ወይም መቶ አለቃ ባልዲኒ፣ በቡሬ የጣሊያን መንግሥት የግንባታ ሹም። ዲያቆን እጅጉ፣ የሹሙ አስተርጓሚ። ቄሰ ገበዝ ሃይለ ሚካኤል፣ ከቡሬ ወጣ ብሎ ያለው ደብር ኃላፊ። ክንዱ፣ ግንበኛ። ታንጉት፣ የክንዱ ባለቤት።

የደብሩ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን በጦርነቱ ተቃጥሎ ታቦቱ በድንኳን ተቀምጧል። ክንዱ አዲሱን ሠርቶ ክዳኑን ከጨረሰ ወር አልፎታል። ሆኖም የግንበኝነት ፈቃድ የሌለው ሰው የሠራው ሕንፃ ለአገልግሎት እንዳይከፈት ታውጇል። ሚያዝያ ገብቷል፤ ድንኳኑም ያፈሳል። ክንዱ ፈቃዱን ካላገኘ ታቦቱ ክረምቱን ዝናብ ሊወርድበት ነው።

ክንዱ መጀመሪያ ቡሬ የሄደ ዕለት፣ ፈቃድ የሚሰጠው ሕንፃ ጨርሶ ላሳየ ግንበኛ ብቻ እንደሆነ ተነገረው።

«ጨርሻለሁ» አለ።

«ያለ ፈቃድ ነው የጨረሱት» ሲል እጅጉ ተረጎመለት። «አይቆጠርም።»

ብዙም ሳይቆይ ሕጉ ተሻሻለና ተቆጠረ። በምትኩ ማንኛውም ሕንፃ አራት ማዕዘን እንዲኖረው የሚያዝ ሌላ ሕግ ወጣ። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው።

ባልዲኒ ብዙ አሰበ። በመጨረሻም በክቡ ግድግዳ ላይ አራት ቦታ በቀይ አፈር ምልክት እንዲደረግና ምልክቶቹ ማዕዘን ተብለው እንዲጠሩ ፈቀደ። ክንዱ ቀባ። ሹሙ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ለክቶ ረካ። ቀጥሎ ከማዕዘኖቹ አንዱ ወደ መንገዱ እንዲዞር ታዘዘ፤ ክንዱ አጥቦ እንደገና ቀባ። ከዚያ መንገዱ ራሱ በሌላ በኩል እንዲያልፍ ተወሰነ።

«ማዕዘኑን በአህያ ጫነው» አለች ታንጉት። «መንገዱ ወደ ሄደበት ይከተለዋል።»

የቀረው የውስጡ ምርመራ ነበር። ባልዲኒ የግድግዳ ጥመት የሚለካበትን ቱንቢ ይዞ ሲመጣ ሃይለ ሚካኤል በሩ ላይ ቆሙ።

«ጌታው፣ መቅደስ ነው። ከካህንና ከዲያቆን በቀር አይገባም።»

ክንዱ ልብሱን እያራገፈ ከውስጥ ወጣና ከጎናቸው ቆመ። ባልዲኒ ከቀሳውስት ጋር እንዳይጋጭ ከበላይ ታዞ ስለነበር ቱንቢውን ለእጅጉ ሰጠው።

እጅጉ ገባ። ቆየ። ሲወጣ «ግድግዳው ጠሟል» አለ።

«የእኔ ግድግዳ?»

«በሁለት ጣት።»

«አንተ ልጅ፣ የሹሙ እንጀራ ዓይንህን አጣሞት እንጂ ግድግዳዬስ ደህና ነው።»

ባልዲኒ ምን እንዳለ ጠየቀ። «አርመዋለሁ ይላል» ብሎ እጅጉ ተረጎመ።

ጠማማ ግድግዳ ወታደር ላይ እንዳይወድቅ፣ በእርማት ላይ ወዳለ ሕንፃ ወታደር እንዳይጠጋ የሚያዝ ደንብ ነበር። በደብሩ አጠገብ የሰፈረው የጣሊያን ዘብ ወደ ወንዙ ማዶ ተዛወረ።

እጅጉ በየሳምንቱ እየመጣ ሌላ ጥመት ያገኛል። አንድ ጊዜ በምሥራቅ፣ አንድ ጊዜ በሰሜን። የደብሩ ሰው ሰላምታ ነፈገው። ታንጉት የሠራተኛ ምሳ በትልቅ አገልግል ይዛ ወደ ውስጥ ስታልፍ በሩ ላይ ታገኘዋለች።

«ያስተማረህን ደብር በር ዘጋህበት» አለችው አንድ ቀን፣ ሹሙ አጠገብ ቆሞ ሳለ። «እናትህ ይህን ሳታይ መሞቷ በጃት።»

እጅጉ ይህን አልተረጎመም።

ሰኔ ገባ። የመጀመሪያው የክረምት ዝናብ የድንኳኑን አንድ ወገን ጣለው። በዚያው ሰሞን ባልዲኒ፣ እስከ ዛሬ ለአንድ ግንበኛ እንኳ ፈቃድ አልሰጠህም ተብሎ ከበላዩ ተወቀሰ። በማግስቱ ወረቀት ይዞ መጣ።

«ሁለት ጣት ምንም አይደለም» አለ። «ፈቃዱ ተፈርሟል። እሑድ በሩ ይከፈት። እኔም አለቃዬን ይዤ እመጣለሁ።»

እጅጉ ቀስ ብሎ ተረጎመ። እልል ያለ ሰው አልነበረም። ክንዱ ወረቀቱን በአንድ እጁ ተቀበለ። ባልዲኒ ምስጋና ሲጠብቅ ቆይቶ ወደ ቡሬ ተመለሰ።

አራቱ ከዋርካው ሥር ተቀመጡ። ቀድሞ የተናገረው ክንዱ ነው።

«ወረቀቱን እመልሳለሁ። ሥራዬ ጠማማ ነው፣ ሰው ላይ ይወድቃል ብዬ በራሴ ላይ እመሰክራለሁ።»

«ከእንግዲህ ጎጆ የሚያሠራህ ሰው አይኖርም» አለች ታንጉት።

«አይኑር።»

«እኔም ጥመቱ በጣት ሳይሆን በክንድ ነው እላለሁ» አለ እጅጉ። ታንጉት ፈቀቅ ብላ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችለት።

ሃይለ ሚካኤል የዘመመውን ድንኳን አዩ።

«እግዚአብሔር ይታገሰናል» አሉ በመጨረሻ።

ታቦቱ ክረምቱን በድንኳን እንዲከርም ሁሉም ተስማሙ፤ መቅደሱ ውስጥ ከተኙት ቁስለኛ አርበኞች መካከል ቆሞ መሄድ የሚችል ገና አልነበረም።