የሰናይት ሚጥሚጣ

በተራራ አድርጎ ፈረንሳይ የሚያሻግረን ደላላ የማይንቀው ነገር አልነበረም። የበረዶ ናዳ ማስጠንቀቂያውን ሰሌዳ እንኳ «የስደተኛ ማስፈራሪያ» ብሎ ተፋበት።

ጓደኛዬ ሰናይት «ነፋሱ ዳገቱ ላይ በረዶ ሲከምር ነው ያደረው፤ በዚያ በትልቁ ድንጋይ በኩል እንዙር» አለችው።

«አንቺ በረዶ የምታውቂው ፍሪጅ ውስጥ ነው።»

የፖሊስ ውሻ እንዳያሸተው ብሎ የሰናይትን ሚጥሚጣ ካፖርቱ ላይ ነሰነሰው፤ ለእኛ ቁንጣሪ እንኳ አላስተረፈልንም። ክምሩን ረግጦ ጥቂት እንደሄደ በረዶው ተሰንጥቆ ይዞት ወረደ፤ ቀበረውም።

እኛ ድንጋዩ ጀርባ ተደበቅን። ናዳውን ያዩ ፖሊሶች ውሻ ይዘው ፍለጋ ጀመሩ። ውሻው አንድ ቦታ ላይ አሸተተ፣ አስነጠሰው፣ ፊቱን አዙሮ ሄደ። ፖሊሶቹም ተከተሉት።

«ይሄ የማይረባ ሰውዬ» አለች ሰናይት፤ ውሻው ወዳስነጠሰበት ለፖሊሶቹ እየጠቆመች ከድንጋዩ ጀርባ ወጣች።