ከንግግሩ በፊት

የሬዲዮ ጣቢያው ቴክኒሻን የሆነችው ሴት፣ ባሏ ከዓመታት በፊት አደባባይ ላይ ያደረገውን ንግግር ከቴፑ እንድታጠፋ ታዘዘች። መንግሥት ያን ቀን የተናገረ ሰው የለም ብሎ ታሪኩን እንደ አዲስ አስጽፎ ነበር። ባሏም በዚያው ሳምንት ተወስዶ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀርቷል። ማዳመጫውን አድርጋ ቴፑን ስትከፍተው፣ ባሏ መጀመሪያ ጉሮሮውን ጠረገና «ዓለሜ፣ ድምፄ ይሰማል?» አላት። ያኔም የቀዳችው እሷ ነበረች። «ዓለሜ» ሲላት ድምፁ እንዴት እንደሚለሰልስ ለካ ረስታው ኖሯል። ቴፑን ወደ ኋላ መለሰችና ደግማ ከፈተችው፤ አሁንም ደገመችው።

«አላለቀም እንዴ እህቴ?» አለ አለቃዋ ከበሩ ላይ። ገባና ማዳመጫውን ተቀብሎ ሰማ። እሱም የባሏ ወዳጅ ነበረ። ዓይኗን ማየት አቅቶት፣ «አጥፉ ያሉን ንግግሩን ነው፤ ከንግግሩ በፊት ስላለው ማንም ምንም አላለ» አላት ቀስ ብሎ። ከቴፑ መጀመሪያ አንድ ክንድ የምትሆን ቁራጭ በምላጭ ቆርጦ መዳፏ ላይ አኖረላት። ንግግሩን ራሷ አጠፋችው።

ቤቷ ቁራጯን የሚያጫውትላት መሣሪያ አልነበረም። መስኮቱ ጋ ቆማ ብርሃን ላይ ዘረጋቻትና፣ «ዓለሜ» የሚለው የቱ ጋ እንደሆነ በጣቷ እየዳሰሰች ፈለገች።