ቁጥር የሌለው መነጽር

"መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት እንኳ አቅቶታል፣ ዶክተር፤" ትላለች እናቴ ወንበሩ ላይ ሳትደላደል። "በንባብ ብዛት ዓይኑን ጨረሰው።"

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ የሰው ዓይን የምትለካው በመርፌ ነው። ትናንት ወንድሜ እያዛጋ ክሩን ሦስቴ ሲስተው፣ የጀመረችውን ቀሚስ ጥላ ቀጠሮ አስያዘችለት።

ሐኪሙ መብራቱን ያጠፋል። ወንድሜ አንድ ዓይኑን በእጁ ሸፍኖ ግድግዳው ላይ የበሩትን ፊደላት ያነባል። እኔ ከዚህ ሆኜ ያቃተኝን የመጨረሻውን መስመር እንኳ አይስትም።

"ዓይንህ ጤነኛ ነው" ይላል ሐኪሙ መብራቱን እያበራ። "የቀላው እንቅልፍ አጥተህ ነው። ማታ ማታ ምን ላይ ነው የምታፈጠው?"

"ምን ላይ ያፈጣል፣ ትምህርቱ ላይ ነዋ" ትላለች እናቴ ቀድማው። "ሌሊቱን ሙሉ ከብርድ ልብሱ ስር ብርሃን አያለሁ። እንዳልረብሸው ብዬ በሩን የምዘጋው እንኳ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ነው። እኔ እንኳ ሳላነብ ዓይኔ ፈዟል፤ እሱ ያን ሁሉ አንብቦ ዓይኑ ባይቀላ ነበር የሚገርመኝ።"

ሐኪሙ ፈገግ ይላል። ወንድሜ አይስቅም።

ብርሃኑ የስልክ ነው። የሚያየው የብልግና ቪዲዮ ነው። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ የምንማረው አንድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ባለፈው ወር ፈተና ላይ ተቀምጦ ሳለ ድንገት ተነሳ፤ ወረቀቱ ግማሹ ባዶ ነበር። በር ላይ ያስቀመጠውን ስልኩን አንስቶ መጸዳጃ ቤት ገባና ሰዓቱ እስኪያልቅ ቆልፎ ተቀመጠ። ቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ ነው የነገረኝ።

"ደስ የሚለኝ እንዳይመስልሽ" አለኝ። "ደስ ማለቱን ከተወ ቆይቷል። አራቴ ሁሉንም አጠፋሁ፣ አራቴ ተመለስኩ። እጄ ከእኔ ቀድሞ ነው የሚሄደው።"

ዛሬ ኮሪደሩ ላይ ተራ ስንጠብቅ ክንዴን ይዞ፣ "እነግራታለሁ፤ ብቻ አጠገቤ ሁኚ" ብሎኛል። አጠገቡ ነኝ።

"እማዬ" ይላል። ድምፁ ቀጥኗል። "የማየው ትምህርት አይደለም።"

"ታዲያ ምንድን ነው፣ ልጄ?"

ወደ እኔ ያያል። እናቴም ዓይኑን ተከትላ ወደ እኔ ትዞራለች። ከሥራ ስትነሳ መንቀል የረሳቻቸው ሁለት ስፒሎች ደረቷ ላይ ያብለጨልጫሉ።

"አንቺ ታውቂያለሽ?"

ጫማዬን አያለሁ። ቃሉን አፌ ውስጥ አገላብጠዋለሁ። በሕይወቴ ጮክ ብዬ ተናግሬው አላውቅም።

"ልብ ወለድም ያነባል" እላለሁ።

ወንድሜ ዓይኑን ይጨፍናል።

እናቴ በእፎይታ ትስቃለች። "ይኸው ነው? እንደዚህ ያስጨነቀህ? እሱም እኮ ንባብ ነው።" ወደ ሐኪሙ ትዞራለች። "መነጽር ይዘዙለት፣ ዶክተር።"

"አያስፈልገውም፣ እናት።"

"ቁጥር የሌለውም ቢሆን። ዓይኑ ይረፍበት።"

መነጽሩ በሳምንቱ ደረሰ። ወንድሜ አደረገው። እናቴም ማታ ማታ በሩን ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ መዝጋቷን ቀጠለች።