ደረቁ መቅዘፊያ

ግራዢና ዞር ብላ ስታይ የአለቃዋን የዜኖንን መቅዘፊያ ጠብታ ውሃ አልነካውም። ሥራ አስኪያጁ ካያክ በሚባለው ጠባብ ጀልባ የኋላ ወንበር ላይ ተንፈላሶ ተቀምጦ፣ መቅዘፊያውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ቋሊማ ይቆርጥበታል። የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ለሽርሽር ክሩቲኒያ ወንዝ ላይ ከወጡ ጀምሮ እሷ ከፊት ሆና መዳፏ እስኪላጥ የቀዘፈችው ለካ ብቻዋን ኖሯል! ደሟ ፈላ።

«ምን ታፈጥጪብኛለሽ? በርቺ እንጂ! ሒሳብ ክፍሎች በጀልባቸው ጥለውን ሄዱ እኮ» አላት አፉን እንደሞላ።

«ዜኖን፣ አንተም ቅዘፍ።»

ማኘኩን አቆመ። «ማነው ዜኖን? ማነው አንተ? ቆይ፣ ሰኞ ቢሮ እንተያያለን!»

ትናንት ማታ ከሰፈሩበት ድንኳን ደጅ፣ ክንዱን ከክንዷ አቆላልፎ ቮድካ ያጠጣት፣ ጉንጯን ስሞ «ከእንግዲህ አለቃ የለም፤ አንተ በይኝ» ያላት ራሱ ነበር። በአገራቸው ወግ እንዲህ አብሮ የጠጣን ሰው ተመልሶ አንቱ ማለት ፊቱ ላይ መትፋት ነው።

ውሃው ከጉልበት አያልፍም። ግራዢና መቅዘፊያዋን ይዛ ወረደች። ካያኩ ተሽከረከረና ወድቆ ወንዙ ላይ ወደተጋደመ የጥድ ግንድ ይንሸራተት ጀመር።

«ግራዢናዬ! ምን ነካሽ? ጓደኛሞች አይደለንም እንዴ?» ሲል ጮኸ፤ ቋሊማው ውሃ ገባ።

ወደ ዳር እየተራመደች፣ ከፊት ያሉት ሒሳብ ክፍሎች እስኪሰሙ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«ኧረ በጭራሽ፣ ጌታዬ! እርስዎ አለቃ ነዎት። ይቅዘፉ!»